የራስህን ብቻ ጻፍ

ወደ ሃምሳ የተጠጋሁ፣ ትዳርና ልጅ ያለኝ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከምድር በታች ባለ ፓርኪንግ የሌሊት ሺፍት የምሠራ ሰው ነኝ። ይህን ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ያውቀዋል። የማይታወቀው ሌላው ሥራዬ ነው፤ የትኛውም ካርታ ላይ በሌለ አንድ የአስማት ትምህርት ቤት ውስጥ የዕፀዋት መምህር ነኝ። ደመወዝ የለውም፣ ጡረታም የለውም። ተማሪዎቼ ካባ ለብሰው፣ የአስማት ዘንግ ይዘው ክፍሌ ይገባሉ፤ "ፕሮፌሰር" ብለው ይጠሩኛል። ትምህርት ቤቱ ግንብ አለው፣ ማማ አለው፣ ሐይቅ አለው፣ መናፍስት የሚመላለሱበት ኮሪደርም አለው። ሁሉም የተሠራው ግን ከፊደል ነው። በኢንተርኔት፣ በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ፣ በነጻ የሚገቡበት የሮል ፕሌይ ጨዋታ ነው።

ለአገሬ ሰው ሳልናገር የቆየሁት አፍሬ ነው። ትልቅ ሰው ቁጭ ብሎ ጨዋታ ይጫወታል ሲባል ለጆሮ ደስ አይልም። አስማት የሚባለው ነገር ደግሞ በእኛ ቤት ሲነሳ ሰው ትዝ የሚለው ክታብና ድግምት እንጂ ጨዋታ አይደለም። ባለቤቴ የሰማች ዕለት፣ "እሱ ነበር የቀረህ! ጠበል እንኳ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር!" ብላ እየሳቀች አማተበች። ማማተቧ የምሯን ነበር ወይ ብዬ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

ይህን የምጽፈው ጨዋታውን ለማስተዋወቅ አይደለም። የዚያ ትምህርት ቤት አንድ ደንብ፣ በመምህርነት ዘመኔ ማንም ያልነገረኝን ነገር ስለነገረኝ ነው።

ላላየው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ስትመዘገብ አንድ ገጸ ባሕርይ ትፈጥራለህ፤ ስም ታወጣለታለህ፣ መልኩን፣ ጠባዩን፣ የትውልድ ታሪኩን ትጽፍለታለህ። ከዚያ ተማሪዎች ከሚከፋፈሉባቸው ቤቶች በአንዱ ትመደባለህ። ክፍል ትገባለህ፣ የቤት ሥራ ትሠራለህ፣ ለቤትህ ነጥብ ታስገኛለህ ወይም ታስቀንሳለህ። ትዕይንት ሲከፈት አንዱ ተጫዋች አንድ አንቀጽ ይጽፋል፦ "በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። ካባው በዝናብ ርሷል። ምድጃው አጠገብ የተቀመጠችውን ልጅ ሲያይ ቆም አለ።" እዚህ ላይ ያቆማል። ልጅቷን የምትጽፈው ሌላ ሰው ናት፤ ምናልባት ማንችስተር ያለች ነርስ፣ ምናልባትም ማኒላ ያለ የባንክ ሠራተኛ። ልጅቷ ቀና ብላ ታየው እንደሆነ፣ ታኮርፈው እንደሆነ፣ ፎጣ ትወረውርለት እንደሆነ የምትወስነው ጸሐፊዋ ናት። ታሪኩ በዚህ ዓይነት በቅብብሎሽ ይሄዳል። ሥዕል የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ አሸናፊም የለውም።

የዘር ሐረጉ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 እንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ሮይ ትራብሾ የሚባል ተማሪ ፒዲፒ-10 በተባለ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚገባበት የጽሑፍ ዓለም መሥራት ጀመረ። የትምህርት ቤት ባልደረባው ሪቻርድ ባርትል ተረክቦ አስፋፋው። ስሙ መድ ተባለ። ተጫዋቹ "ወደ ሰሜን ሂድ" ወይም "ሰይፉን አንሳ" ብሎ ይጽፋል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ የደረሰበትን ቦታና የገጠመውን ነገር ይተርክለታል። በዚያ ጨዋታ ከማዕረጎች ሁሉ በላይ የሆነው ማዕረግ አስማተኛ መሆን ነበር። እዚያ የደረሰ ሰው እንደ ሌላው ተጫዋች መጫወቱ ያበቃና ጨዋታውን የመቆጣጠር፣ በሌሎች ላይ የማዘዝ ሥልጣን ይሰጠዋል። ከዚያ ወዲህ በተፈጠሩ ብዙ የጽሑፍ ዓለሞችም አስተዳዳሪዎቹ በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር።

የአስማት ትምህርት ቤት የሚለው ሐሳብም ቢሆን ከሃሪ ፖተር ጋር አልተወለደም። አሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ሌ ጉዊን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ ሮክ የተባለች ደሴት ላይ አስማተኞች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት አለ። በእንግሊዛዊው ቴሪ ፕራቼት ልብ ወለዶች ላይ ተመሥርቶ በ1991 የተጀመረው ዲስክወርልድ መድ የተባለ ነጻ የጽሑፍ ጨዋታም የአስማተኞች ዩኒቨርሲቲ አለው። የሃሪ ፖተር የመጀመሪያ መጽሐፍ በ1997 ሲወጣ፣ ፊልሙም በ2001 ሲከተል ግን ነገሩ ጎርፍ ሆነ። መጽሐፉን ጨርሰው ያልጠገቡ ወጣቶች "እኔ እዚያ ብማር ኖሮ" እያሉ የየራሳቸውን ትምህርት ቤት በፊደል መገንባት ያዙ። ያኔ የጀመሩት ልጆች ዛሬ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ እኔ ያለሁበት ቤት ውስጥ የሚጫወቱትም አብዛኞቹ ሥራ ውለው፣ ልጅ አስተኝተው የሚገቡ ሰዎች ናቸው። ነጻ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው፤ የሚያስተዳድሩት የሰርቨሩን ኪራይ ከኪሳቸው የሚያዋጡ ተጫዋቾች ራሳቸው ናቸው።

እኔ እዚያ ምን ወሰደኝ? ዲቪ ደርሶኝ ከመምጣቴ በፊት ወሎ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። እዚህ ስመጣ የወረቀቱ ጣጣ፣ የፈተናው ጣጣ፣ የቤት ኪራዩ ጣጣ ተደራረበብኝና ከእኔ በፊት እንደመጡት ብዙ ወገኖቼ ፓርኪንግ ገባሁ። ሥራውን አልጠላውም። የሌሊቱ ዝምታ ግን ከባድ ነው። የምቀመጥበት ቡዝ ያለው ከምድር በታች ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስለሆነ ሲግናል የለም ማለት ይቻላል፤ ቪዲዮ መሐል መንገድ ላይ ይቆማል፣ ፎቶ ግማሹ ብቻ ይከፈታል። ጽሑፍ ግን እንደምንም ተሹለክልኮ ይገባል። እንግሊዝኛዬን ለማሻሻል ስል የሚነበብና የሚጻፍ ነገር ስፈልግ ነው ይህን ጨዋታ ያገኘሁት።

እንዳልወጣ አድርጎ የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። እኔ ስናገር "ይቅርታ፣ ምን አልክ?" የማይለኝ ሰው ጥቂት ነው። መኪናውን ሊወስድ የመጣ ሰው ቃላቱን አንድ በአንድ እየጎተተ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለሕፃን እንደሚያወሩት ያወራኛል። ጽሑፍ ላይ ቅላጼ የለም። የጻፍኩት ይነበባል፤ ከተወደደ ይወደዳል፣ ካልተወደደም በይዘቱ ነው። እዚያ ግንብ ውስጥ ከየት መጣህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ሳይኖር ወራት አለፉ።

መጀመሪያ የፈጠርኩት ተማሪ ነበር፤ ከተራራ አገር የመጣ፣ ቁጥብ፣ ትንሽ ኩሩ ልጅ። አንድ ሌሊት ኮሪደር ላይ ትዕይንት ከፍቼ ሳለ የማላውቀው ተጫዋች ገባ። የእሱ ገጸ ባሕርይ ዘንጉን መዘዘ፣ ጮኸ፣ እርግማን ሰነዘረ። እስከዚህ ደህና። ሰውየው ግን በዚያ አላቆመም። የእኔ ልጅ ጉልበቱ እንደተብረከረከ፣ ዘንጉ ከእጁ እንደወደቀ፣ ተንበርክኮ እያለቀሰ ይቅርታ እንደለመነ ጻፈ። እኔ አንዲት ፊደል ሳልነካ ልጄ ፈርቶ፣ አልቅሶ፣ ለምኖ አበቃ።

ፊቴ ጋለ። ከቡዙ ወጥቼ በባዶው ፓርኪንግ ውስጥ ተንጎራደድኩ። ፈራ ብሎ ማን ነገረህ? አለቀሰ ብሎ ማን ነገረህ? አንድ የሚያየኝ ሰው ቢኖር፣ በሌለ ኮሪደር ውስጥ በሌለ ልጅ ላይ ስለደረሰ ነገር እንዲህ ስብሰከሰክ ሲያየኝ ጤናዬን ይጠራጠር ነበር። ንዴቱ ግን እውነተኛ ንዴት ነበር፤ ደግሞም አዲስ አልነበረም። ወደዚህ አገር እንደመጣሁ አንድ ቢሮ ውስጥ አንዲት ሠራተኛ ፎርሙን እያሳየች ስታስረዳኝ ቆይታ ወደ ጓደኛዋ ዞር ብላ "ገብቶታል፣ ተስማምቷል" ስትል ሰምቻለሁ። አልገባኝም ነበር፤ አልተስማማሁምም። ያን ዕለት ዝም ብዬ ፈርሜ ወጣሁ። የኮሪደሩ ሌሊት ያ ሁሉ ዝምታ አንድ ላይ ተነሣብኝ።

በማግሥቱ የጨዋታው ሞደሬተር ጽሑፉን አንስታ ለሁለታችንም ደንቡን ላከችልን። በሌላው ገጸ ባሕርይ ፈንታ መጻፍን ተጫዋቾቹ ጎድሞድ ማድረግ ይሉታል። ደንቡ ባጭሩ፣ የራስህን ገጸ ባሕርይ ብቻ ጻፍ የሚል ነው። መሰንዘር ያንተ ነው፤ መመታት ግን የሌላው ነው። "እርግማኑን ወደ ደረቱ ወረወረ" ብለህ መጻፍ ትችላለህ። "ደረቱን መታው" ብለህ መጻፍ አትችልም። ልጁ ይመታ እንደሆነ፣ ዝቅ ብሎ ያመልጥ እንደሆነ፣ ወይም ተመትቶም ሳይወድቅ ይቆም እንደሆነ የሚጽፈው ባለቤቱ ነው። በ"ወረወረ" እና በ"መታው" መካከል ያለችው ያቺ ክፍተት የሌላው ሰው ርስት ናት፤ አትገባባትም።

ይህ ደንብ በማይከበርበት ቦታ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። ካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ውስጥ ፓቬል ከርቲስ እ.ኤ.አ. በ1990 ላምዳሙ የተባለ የጽሑፍ ዓለም ከፍቶ ነበር። ቦታው አንድ ትልቅ መኖሪያ ቤት ነው፤ ሰዎች ሳሎኑ ውስጥ ተሰብስበው ሌሊቱን ሲጨዋወቱ ያድራሉ። በ1993 አንድ ሌሊት፣ ሚስተር ባንግል በሚል ስም የሚገባ ተጫዋች ሳሎኑ ውስጥ ተገኘና የሌሎች ገጸ ባሕርያት ያላደረጉትን እንዳደረጉ አድርጎ የሚጽፍ ፕሮግራም ተጠቅሞ ነውረኛ ድርጊት ጻፈባቸው። ጋዜጠኛው ጁሊያን ዲበል በዚያው ዓመት ቪሌጅ ቮይስ ላይ ታሪኩን አወጣው። ማንም በአካል አልተነካም። ቢሆንም ከተጠቁት አንዷ ስለደረሰባት ነገር ለሌሎቹ ስትጽፍ እንባዋ ይወርድ እንደነበር ነግራዋለች። በዚያ ዓለም አስማተኞች የሚባሉት አስተዳዳሪዎች ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ በተጫዋቾች ጠብ ውስጥ አንገባም ብለው እጃቸውን አውጥተው ነበር። ነዋሪው ተሰብስቦ ተከራከረ፤ ስምምነት ላይ ግን አልደረሰም። በመጨረሻ ከአስማተኞቹ አንዱ ብቻውን ወስኖ ባንግልን ከዚያ ዓለም ሰረዘው። ከዚያ ወዲህ ነው ከርቲስ ነዋሪው ራሱ ሐሳብ አቅርቦ ድምፅ የሚሰጥበትን ሥርዓት ያቆመው።

ይህን ታሪክ ሳነብ ኮሪደር ውስጥ የተሰማኝ ንዴት ቂልነት እንዳልነበረ ገባኝ። ሰው በሌላው እጅ ሲጻፍ የሚደርስበት ነገር አለ፤ ቦታው ከፊደል ስለተሠራ አይቀልም።

ከዚያ በኋላ ግን ሐሳቤ ሳላስበው ወደ ኋላ፣ ወደ ክፍሌ ሄደ። ትዝ ያለኝ ፕላዝማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት ሲገባ የተማረ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው መምህርት በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች፤ ጥቂት ሰከንድ ፈገግ ብላ ዝም ትላለች፤ ከዚያ "ቬሪ ጉድ!" ትላለች። ክፍሉ ውስጥ አንድም አፍ አልተከፈተም። ግማሹ ገና ጥያቄውን ደብተሩ ላይ እየገለበጠ ነው፤ ሌላው መስኮት መስኮት ያያል። እሷ ግን መልሳችኋል፣ ደግ አድርጋችኋል ብላ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ነጎደች። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ አያለሁ፤ እጄ ላይ ጠመኔ አለ፣ የምጽፍበት ጊዜ ግን የለም።

መብራት የጠፋ ቀን ሰሌዳው ወደ እኔ ይመለሳል። ተማሪዎቹ "ቲቸር፣ አንተ ብቻ አስተምረን" ይሉኛል፤ ደረቴ ይነፋል። እኔስ ምን አደርግ ነበር? ጠይቄ፣ ወዲያ ወዲህ ቃኝቼ፣ የሚያውቁት ሁለቱ ልጆች እጃቸውን ሲያወጡ ካየሁ በኋላ መልሱን ራሴ እሰጣለሁ። "ገባችሁ?" እላለሁ፤ "አዎ!" ይሉኛል። ክፍሉ በሰው ጢም ያለ፣ ክፍለ ጊዜው አጭር፣ መጽሐፉ ወፍራም ነው። ከዚያ የተለየ ማድረግ ይቻል እንደነበር የነገረኝ አልነበረም፤ እኔንም ያስተማሩኝ እንደዚያው ነው። በፕላዝማዋ እና በእኔ መካከል የነበረው ልዩነት ግን፣ እኔ አማርኛ መቻሌ ነበር።

የአስማት ትምህርት ቤቱ የዕፀዋት መምህር ሆኖ የሚጫወተው ሰው ሥራ በዝቶበት ሲለቅ ቦታው ክፍት መሆኑ ተነገረ። አመለከትኩ። በእውነተኛው ዓለም የጠየቁኝን ዓይነት ወረቀት ማንም አልጠየቀኝም፤ አንድ ናሙና ትምህርት ጽፈህ አሳይ አሉኝ። ሌሎቹ መምህራን የሚያስተምሩት የሚጮኹ ሥሮችንና ሰው የሚበሉ አበባዎችን ነው። እኔ እንዶድን መረጥኩ።

እንዶድ ለአገሬ አንባቢ ምን ማስተዋወቅ ያስፈልገዋል! ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ ውኃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል፣ እናቶቻችን ጋቢና ነጠላ ያነጡበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ ዓድዋ አካባቢ ቢልሃርዝያ ስለሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ወንዝ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አየ። ከላይኛው በኩል ያሉት ደህና ናቸው። ግኝቱ በሽታውን በርካሽ ለመከላከል የሚያስችል መንገድ ከፈተ፤ አክሊሉ ለማ ከሥራ ባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉበት።

የድሮው እኔ ብሆን ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፌ፣ "ተማሪዎቹም በመገረም ማስታወሻ ያዙ" ብዬ እዘጋው ነበር። ደንቡ ግን ከለከለኝ፤ መገረም የእነሱ ነው። ስለዚህ እንዲህ ብቻ ጻፍኩ፦ "ፕሮፌሰሩ ወደ አንድ ወንዝ ዳር ወሰዷችሁ። ሴቶች ድንጋይ ላይ ልብስ ያጥባሉ፤ አረፋው ነጭ ነው። ከሴቶቹ ከፍ ብሎ ያሉ ቀንድ አውጣዎች ይንቀሳቀሳሉ። ዝቅ ብሎ ያሉት ሞተዋል። እጃችሁ ላይ አንድ አንድ ብርጭቆ አለ። ዘንግ እዚህ ወንዝ ላይ አይሠራም። ፕሮፌሰሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዝም አሉ።" ነጥብ አድርጌ ላክሁት።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። መጠበቅ እንዲህ ጭንቅ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሁለት መኪና አስወጣሁ፣ አንድ አስገባሁ፣ ተመልሼ አየሁ፤ ምንም የለም። ጣቴ ቁልፉ ላይ ሄዶ "ፍንጭ ልስጣችሁ" ሊል ይቃጣዋል። ለካ በክፍሌ ውስጥ መልሱን ራሴ የምሰጠው ልጆቹ ስላላወቁት ብቻ አልነበረም፤ ዝምታውን መሸከም ስላቃተኝም ነበር።

ንጋት ላይ መጻፍ ጀመሩ። አንዱ ወንዙ ተረግሟል ብሎ ሸሽቶ ኮረብታ ላይ ወጣ። አንዱ ዘንጉን ደብቆ ሞከረው፤ ምንም ስላልሆነ ረግሞ ተቀመጠ። ዓይነ ስውር የሆነች፣ ስክሪኑን በድምፅ በሚያነብላት ፕሮግራም የምትጫወት አንዲት ሴት አለች፤ ጽሑፍ ብቻ የሆኑ ጨዋታዎች እንደ እሷ ያሉ ብዙ ተጫዋቾች አሏቸው፤ ማንም የማያየው ዓለም ውስጥ የሚያይና የማያይ እኩል ነውና። የእሷ ገጸ ባሕርይ ወደ ሴቶቹ ተጠግታ፣ "ይህ ሳሙና ምን ይሸታል?" ብላ ጠየቀች። እኔ ልብስ አጣቢዋን ሴት ሆኜ መለስኩላት፤ ሳሙና እንዳልሆነ፣ ከጓሮ የተለቀመ ፍሬ እንደሆነ። በመጨረሻ ከሁሉም ዝምተኛዋ ተማሪ ጻፈች። ወደ ላይኛው ወንዝ ወጥታ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በብርጭቆዋ ያዘች፣ ወደ አጣቢዋ ወረደች፣ ብርጭቆውን ዘርግታ፣ "እናቴ፣ ከአረፋሽ ትንሽ ትጨምሪልኛለሽ?" አለቻት።

ደነገጥኩ። አክሊሉ ለማ ያደረገው ይህንኑ ነው። ከወንዙ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ይዞ፣ ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷን ከእንዶድ አረፋዋ እንድትጨምርበት ጠየቃት፤ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። የት እንዳለች የማላውቃት፣ ስለ ዓድዋም ሆነ ስለ እንዶድ ሰምታ የማታውቅ ሰው ብቻዋን እዚያው ደረሰች። ታሪኩ እውነተኛ መሆኑን ከዚያ በኋላ ነው የነገርኳቸው፤ ስሙን፣ ዓመቱን፣ ወንዙን። አንዲትም ፍንጭ ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ ግኝቱ የእኔ ይሆን ነበር።

ትምህርቱ ከፓርኪንጉ ወጥቶ ቤቴ የገባው በልጄ በኩል ነው። ልጄ እዚህ ነው ያደገችው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ስትናገር ግን ቃል ፍለጋ መሐል ላይ ትቆማለች። እኔ ደግሞ እንደ ማንኛውም አባት ልረዳት እቸኩላለሁ። "አባዬ፣ ዛሬ ትምህርት ቤት..." ስትል "ምን ሆንሽ? ተቆጡሽ? መታሽ ሰው?" እላታለሁ። "ኖ፣ ኔቨር ማይንድ" ትልና ወደ ክፍሏ ትገባለች። አማርኛ እየጠፋባት ነው እያልን ከእናቷ ጋር እናዝናለን።

አንድ ቀን፣ ከእንዶዱ ትምህርት በኋላ መሆን አለበት፣ "አባዬ፣ ዛሬ ትምህርት ቤት..." አለችና ቆመች። ዝም አልኩ። ሽንኩርት መክተፌን ቀጠልኩ። ጣሪያውን አየች፣ እጇን አወናጨፈች፣ "ዶሮ... የዶሮ ልጅ... ከእንቁላሉ ወጣ!" አለች። ክፍላቸው ውስጥ በማሞቂያ ያስቀመጧቸው እንቁላሎች ተፈልፍለው ነበር። ጫጩት የሚለውን ቃል አልነገርኳትም፤ እራት ላይ ለእናቷ ደግማ ስታወራ ራሷ "የዶሮ ልጅ ምንድን ነው የሚባለው?" ብላ ጠየቀች። እኔ እኮ ተቆጡሽ ወይ፣ መታሽ ወይ እያልኩ ስንት ጫጩት አምልጦኛል! ያለፈባትን ነገር ሳይሆን እኔ የፈራሁትን ነገር ስጽፍባት ኖሬአለሁ።

ከዚያ ወዲህ በአገር ልጆች መካከል ስቀመጥም ጆሮዬ ይህንን ይለቅማል። ፍቅራችን አብዛኛው በሌላው ፈንታ መናገር ነው። "ርቦታል፣ አቅርቡለት።" "እሷ እንደዚህ ያለ ነገር አትወድም።" "ተቀይሞኝ ነው ስልክ የማያነሳው።" ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ቢሆንም ባለቤቱ አፉን ሲከፍት ታሪኩ ተጽፎ አልቆ ያገኘዋል፤ የሚቀረው አዎ ማለት ነው።

ጨዋታውን ከእውነቱ በላይ አላሞካሸውም። እንቅልፌን በልቶብኛል፤ ከሥራ ወጥቼ መተኛት ሲገባኝ "አንድ አንቀጽ ብቻ" እያልኩ ፀሐይ የወጣችባቸው ቀናት አሉ። ሰዎች ሳይሰናበቱ ይጠፋሉ፤ ታሪክ እኩል መንገድ ላይ ይቀራል፣ ታሞ ይሁን ሰልችቶት የሚነግርህ የለም። የሰርቨሩን ኪራይ የሚከፍል ሲጠፋ ደግሞ ግንቡ ከነሐይቁ አንድ ቀን ይዘጋል። ደንቡም ቢሆን ለሁሉም ቦታ አይሆንም። አንድ ሰው መኪናውን ወደ ኋላ ሲነዳ ከኋላው ሕፃን ካየሁ "ምን ያደርግ ይሆን?" ብዬ አልጠብቅም፤ ኮፈኑን በመዳፌ እየመታሁ እጮኻለሁ። ሰው አደጋ ላይ ሲሆን ተራ መጠበቅ የለም። ችግሩ፣ ቀኑን ሙሉ ሁሉም ነገር አደጋ የሚመስለን ወላጆችና መምህራን መሆናችን ነው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ለልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ጨዋታውን እዚያ ወስጄዋለሁ፤ ኢንተርኔት ላይ ሳይሆን በአንድ ወፍራም ደብተር፣ በግዕዝ ፊደል፣ እየተቀባበልን። አስማት የሚለውን ኮሚቴው ስላልወደደው ትምህርት ቤቱ ራስ ዳሸን ሥር ያለ፣ የአዕዋፍ ቋንቋ የሚማሩበት ሆኗል። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ደንቦቹ አሉ። አንደኛ፣ የራስህን ብቻ ጻፍ። ሁለተኛ፣ ሌላው የሚቀጥልበት ነገር ትተህ አቁም። ሦስተኛ፣ ደብተሩ እስኪመለስልህ ጠብቅ። ልጆቹ እነዚህን ለመልመድ ብዙ አልቸገራቸውም። አራተኛው ደንብ በር ላይ የተለጠፈ ነው፤ ለወላጆች ነው፤ "መስኮት ላይ ቆሞ 'በይ ጻፊ እንጂ፣ እንዲህ በይ!' ማለት ክልክል ነው" ይላል። እስካሁን ድረስ በየሳምንቱ የሚጣሰው እሱ ብቻ ነው፤ ከሚጥሱትም አንዷ ባለቤቴ ናት።